የሦስተኛው ፎቅ ፊውዝ

ፈን የሚሉት ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ፍሉዌለን ወደብ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ጤነኛ ሰው የለም።

ሁለቱ ሰዎች ግን መንጠቋቸውን ጥለው ተቀምጠዋል።

ሬጉላ አየቻቸው፤ ያየቻቸው ግን አትመስልም። የጫማ ካርቶን በብብቷ ይዛ፣ የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ የመርከብ ማቆሚያውን ግንብ ጥግ ጥጉን አለፈች። ከተራራው ተንደርድሮ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ ሻሿን ሊነጥቃት ይታገላታል። ሐይቁ አረፋ ይደፍቃል። መርከቧ ከጠዋት ጀምሮ እንደታሰረች ናት። የእሳት ጠባቂው በየመንገዱ እየዞረ ያላፊ አግዳሚውን አፍ አፉን ያያል፤ ፈን ሲነሳ እዚህ አገር ደጅ ላይ ሲጋራ መለኮስ ወንጀል ነው። አንዲት ፍንጣሪ መንደር ትበላለች።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የጫማ ሻጭ ሻንጣቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጫማው ጠበበኝ» አለቻቸው።

«ፈን ሲነፍስ የማያብጥ እግር የለም» አሉ። «ነይ፣ በሌላ ልቀይርልሽ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሰውየው ጫማ ሸጠው አያውቁም። ሁለቱም በሚሠሩበት የስለላ ቢሮ ውስጥ አጎት ይባላሉ፤ እሷ ሻማ ትባላለች። ሬጉላ የሚለውም ስም ቢሆን የራሷ አይደለም፤ ጥቁሩ ድብ ሆቴል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆና ስትገባ የለበሰችው ነው። ስድስት ወር ለብሳው ሰውነቷን ለምዷል።

«ሁለቱን ዓሣ አጥማጆች አየሻቸው?»

«መንጠቆው ላይ ትል እንኳ አልሰኩም።»

«እንግዳው እዚህ ሸለቆ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ። ቤቱን አያውቁም። የሚነግራቸው ሰው እየጠበቁ ነው።»

«ማን?»

አጎት አዲሱን ካርቶን ከፍተው ጫማ የሚያሳዩ መስለው ጎንበስ አሉ። «ከሆቴላችሁ ሬዲዮ ይናገራል። የማዳመጫ መኪናችን ሰምቶታል። ከጥቁሩ ድብ ጣሪያ ሥር ነው፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አልለየም። እሱን የምታገኚው አንቺ ነሽ። እንግዳውን ዛሬ ከሰዓት አወጣዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ማወቅ አለብኝ።»

«ካገኘሁት ልያዘው?»

«አትንኪው። አፉን ካወቅን የምንፈልገውን እናስወራዋለን።»

ካርቶኑ ውስጥ፣ ከጫማዎቹ ሥር፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ አፉን ከፍቶ ሽቦ የሚነክስ መለኪያ አለ። ሽቦ ሳይቆረጥ፣ ፊውዝ ሳይነቀል፣ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ መርፌው ይናገራል።

ሬጉላ ወዲያው ገባት። ሙቀቱ ሙቀት ነው፤ ማሞቂያ የሚያበራ የለም። በምሳ ሰዓት ሁሉም ሰው ታች ነው፤ ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው። የሬዲዮ አምፖሎች ግን እስኪሞቁ ጊዜ ይፈጃሉ፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው አያጠፋቸውም። ስለዚህ ዜሮ ያልሆነው ክፍል የሚናገረው ክፍል ነው።

«ብሩኖስ? እሱም የኛው ሰው ነው፤ ይወቅ?»

«ለእሱም ቢሆን ዛሬ አትንገሪው። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ካርቶኗን ይዛ ስትመለስ ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ዞር ብለው አዩአት። አንደኛው ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጣት።

እርምጃዋን ሳትቀይር አለፈች።

እንግዳው ኢንጂነር ቮይቴክ ይባላል። ከፕራግ ሸሽቶ የመጣ የስልሳ ዓመት ሰው ነው፤ ከመንደሩ በላይ ባለ የከብት ጋጣ ውስጥ ድርቆሽ ላይ ይተኛል። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሊገዙ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። መግዛት ካልቻሉ ደግሞ ሌላ ገዢ እንዳያገኘው ጭንቅላቱን ያፈርሱታል። ሬጉላ ስንቅ ባደረሰችለት ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃታል፤ «ልጄ፣ ዛሬ ማንም አልተከተለሽም?» ማንም፣ ትለዋለች። እጁ ወደ ዳቦው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

የጥቁሩ ድብ ምድር ቤት ጎርፍ በጎርፍ ሆኖ ጠበቃት። ፈን ልብስ በአንድ አፍታ ያደርቃል፤ ስለዚህ ፈን ሲነፍስ አገር ምድሩ ልብስ ያጥባል። አጣቢዎቹ የሆቴሉን አንሶላ ሁሉ አጥበው፣ ውሃውን ወለሉ ላይ ደፍተው፣ ሊያሰጡ ወጥተዋል። ሬጉላ የላስቲክ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወደ ፊውዝ ሰሌዳው ተራመደች። ከላይ የሹካና የማንኪያ ኳኳታ ይሰማል።

የአንደኛውን ፎቅ ሽቦዎች አንድ በአንድ አስነከሰቻቸው። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስትደርስ መርፌው ዘለለ።

ሁለት ነጥብ ሰባት አምፔር።

ማስላት ጀመረች፤ ስትፈራ ሁልጊዜ ታሰላለች። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲባዛ በሁለት ነጥብ ሰባት፤ ስድስት መቶ ዋት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሬዲዮ ይህን ያህል አይበላም። ሁለት መቶ ሃያ ሲካፈል ለሁለት ነጥብ ሰባት፤ ሰማንያ አንድ ኦም። ሽቦው ለኤሌክትሪኩ ጅረት የሚያሳየው እምቢታ ትንሽ ነው፤ ትንሽ እምቢታ፣ ብዙ ሙቀት። ይህ የሚያወራ ዕቃ አይደለም፤ የሚያበስል ነው። ዘጠኝ ቁጥር ያረፈው የአዝራር ነጋዴ አይብ እያቀለጠ ነው። ለምሳ ገንዘብ ላለማውጣት ክፍሉ ውስጥ ምድጃ የሚደብቅ ስንት ቆጥቋጣ አለ! ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

የቀረው ሦስተኛው ፎቅ ነው። የሠራተኞች ክፍሎች ያሉት እዚያ ነው፤ ሁሉም በአንድ ፊውዝ ይጠቃለላሉ። ለሥርዓቱ ያህል አስነከሰችው።

ዜሮ ነጥብ ስምንት።

መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ዜሮ ነጥብ ስምንት። መቶ ሰባ ስድስት ዋት። ለአምፖል ይበዛል፤ ለምድጃ ያንሳል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚያድሩት ጥቂት ናቸው። የእሷን ክፍል ራሷ አጥፍታ ነው የወጣችው። ወጥ ቤቷ ወይዘሮ ሄርገር ከአጣቢዎቹ ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ካንዲት አምፖልና ከአንድ መስቀል በቀር ምንም የላቸውም።

ሌላው ክፍል የብሩኖ ነው።

ብሩኖ ቪኪን የላከው ቢሮው ነበር፤ ቁልፍ የሚል ስም ሰጥተውት። ሉሰርን ከተማ አራት ዓመት የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረ፣ ቤተሰብ የሌለው፣ ጸጥ ያለ ልጅ ነው ተባለች። ጸጥታው ቀርቶ ሳቂታ ሆነባት። አንድ ቀን እዚሁ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሽቦ ጅረት ይኑረው አይኑረው ስትጠራጠር፣ ብሩኖ የጣቱን ጀርባ ብድግ አድርጎ ነካው። ብልጭ አለና እጁን እያራገበ ሳቀ።

«ምን ሆነሃል? አብደሃል?»

«ይነክሳል እንጂ አይገድልም!»

እዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይታ አታውቅም። ድፍረት መሰላት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወሰዳት። ይህ ሥራ ሲያልቅ ቢሮውን ትተው የአምፖልና የካውያ ሱቅ ሊከፍቱ ተነጋግረዋል። ትወደዋለች፤ መሸሸግ አያስፈልግም።

አሁን መርፌውን እያየች ምክንያት ፈለገችለት። ብየዳ ካውያውን ረስቶ ይሆናል። መለኪያው አዲስ ነው፤ ተሳስቶ ይሆናል። ፈን ነው፤ ፈን ሲነፍስ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ላም ወተት ይነሳል፣ መርፌስ ለምን አይታመም?

መርፌው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ወጥ ቤት ስትገባ ብሩኖ ከወይዘሮ ሄርገር ጋር እየተቀላለደ መኮሮኒ ከድንችና ከአይብ ጋር ይበላል። በጎኑ የተፈጨ ፖም አለ። እግሩ ላይ እንደ ሁሉም ሠራተኛ የሱፍ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ የሆቴሉ ባለቤት በመንገድ ጫማ ደረጃ የወጣን ሰው ቆማ አታሳልፍም።

«ነይ ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ» አሏት ወይዘሮ ሄርገር። «ይሄ ጅብ ሳይጨርሰው።»

«እሜቴ፣ እኔ እኮ ወጥዎ እንዳይዋረድ ብዬ ነው የምበላው» አለ ብሩኖ።

«ወሬኛ!» ብለው በማንኪያ ትከሻውን መቱት።

ሬጉላ ተቀመጠች። «ዘጠኝ ቁጥር ያለው የአዝራር ነጋዴ ምድጃ ደብቋል» አለች። «ፊውዙ ሞቆ ስላገኘሁት ለካሁት። ሁለት ነጥብ ሰባት አምፔር።»

የብሩኖ ሹካ ለአንዲት ቅጽበት አየር ላይ ቆመ።

«ሌላውንስ ለካሽ?»

«ለምን እለካለሁ? ሌላ የሚሞቅ የለም።»

ሹካው ወደ አፉ ሄደ። እሷ ቀጠለች፤ «እምቢታው ስንት ኦም ይሆናል? ራሴን እያመመኝ ነው፣ አስላልኝ።»

«ሰነፍ!» አለና ወይዘሮ ሄርገር ሊጥ ባቦኩበት ጠረጴዛ ላይ፣ በተበተነው ዱቄት በጣቱ ጻፈላት። «ሁለት መቶ ሃያ ለሁለት ነጥብ ሰባት… ሰማንያ አንድ። ትንሽ ቀሪ አለው።»

መልሱ ልክ ነው።

ቀመሩን አየችው። ጅረቱን ኢ ብሎ ጽፎታል፤ እምቢታውን አር። ቮልቱን ግን ከታች የሾለ ፊደል አድርጎታል። ቪ።

ኡሪ ይህ ካንቶን፣ ይህ ክፍለ አገር ነው፤ ተራራውም ሐይቁም ሆቴሉም ያሉበት። ነገር ግን በዚህ አገር ኤሌክትሪክ የተማረ ሁሉ ኡሪ ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ካንቶኑን አይደለም። እዚህ ቮልት የሚጻፈው በኡ ነው። ኡ ይሆናል አር ሲባዛ በኢ። ኡ፣ አር፣ ኢ። ኡሪ። የሉሰርን መምህር የሚያስተምረው በዚህ ነው፤ የዙሪክም በዚህ ነው። ለማጅ ሁሉ የመጀመሪያ ሳምንቱን በዚህ ቀልድ ይሰለቻል፤ ዕድሜ ልኩንም አይረሳውም። ቪ እያሉ የሚጽፉ አገሮች አሉ፤ ነውር የለበትም። ሉሰርን ግን ቪ አይልም።

ቸኩሎ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። የሾለ ኡ ይሆናል። አንድ ዕድል ልስጠው።

«ሉሰርን ሳላችሁ ኡሪ ሲሏችሁ ትስቁ ነበር አይደል?»

ቀና ብሎ አያት። «ኡሪ?»

«አዎ፣ ኡሪ።»

«ኡሪ ውስጥ ቁጭ ብለን ስለ ኡሪ ምን ይወራል? ተራራ፣ አይብና ግትር ሰው!»

«ግትር ያልከው እኔን ነው?» ብለው ወይዘሮ ሄርገር ከት ብለው ሳቁ። ብሩኖም ሳቀ።

ሬጉላም ሳቀች። ዱቄቱን በመዳፏ ጠረገችው።

ይህ ሰው ብሩኖ ቪኪ አይደለም።

የሚያውቀው ሁሉ ትክክል ነው። የተማረበት ቦታ ነው ውሸቱ። ታዲያ አራት ዓመት ሉሰርን የተማረው ልጅ የት ገባ? ሹካዋን አስቀምጣ ተነሳች።

ፖስታ ቤቱ ስልክ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ነፋሱ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል።

«አጎቴ፣ የአክስቴ ካውያ ተበላሽቷል።»

«የትኛው?»

«የራሳችን።»

«ጨርሶ ሞቷል?»

«አንድ ጊዜ ይሠራል።»

«እንግዲያው አንድ ሸሚዝ ተኩሺበት። የደቡቡን ሸሚዝ። ከዚያ ንቀይው። እኔ ዳቦውን በሰሜን አደርሳለሁ።»

«እሺ።»

«ልጄ፣ ተጠንቀቂ። ካውያም ይተኩሳል።»

ስልኩን አስቀመጠች። ነገሩ ግልጽ ነው። ብሩኖ እንግዳው ወደ ደቡብ ይሄዳል ብሎ ለዓሣ አጥማጆቹ ይነግራል፤ እነሱ ወደ ደቡብ ይሮጣሉ። አጎት በዳቦ መኪና ኢንጂነሩን ይዘው ወደ ሰሜን ይነዳሉ። የሰሜኑ መንገድ በገደልና በሐይቅ መሃል የተቀረጸ አንድ ቀጭን መንገድ ነው፤ መሸሻ የለውም። ውሸቱ መኪናው ገደሉን ሳያልፍ ከታወቀ ቮይቴክ አለቀለት።

ብሩኖን ደረጃው ሥር አገኘችው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ምሥጢር፣ ነገረችው።

«ሰዓቱ ደረሰ። እንግዳው ከኤርስትፌልድ ጣቢያ ባቡር ይሳፈራል። በዋሻው ወደ ደቡብ። የምናጅበው እኔና አንተ ነን።»

«አሁን?»

«አሁን። ተዘጋጅ።»

ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አላነበበችም። ግንባሯን ሳማት። «ሥራው አለቀ ማለት ነው» አለ። «ሱቃችን!»

«ሱቃችን» አለች።

እሱ ወደ ላይ ወጣ። እሷ ወደ ታች ወረደች።

ምድር ቤቱ ውስጥ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። መለኪያውን የሦስተኛው ፎቅ ሽቦ ላይ አስነከሰች። ዜሮ ነጥብ ስምንት። ቆማ ጠበቀች። ባይናገርስ? ምናልባት የሰማችው ሁሉ ስህተት ቢሆንስ? ልቧ ይህን ለመነች፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ ሰዓት እንኳ ለመነች።

መርፌው ዘለለ።

አንድ ነጥብ ስድስት።

እጥፍ። ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ዋት። እየተናገረ ነው። ሦስት ፎቅ ከላይ፣ በዚያ ስትስመው በኖረችው አፍ፣ የሰው ሕይወት እየሸጠ ነው። ድምፁን አትሰማም፤ መርፌው ላይ ግን ታየዋለች።

መርፌው ተመልሶ ዜሮ ነጥብ ስምንት ላይ ወደቀ። መልእክቱ ሄዷል።

የሸክላውን ክዳን አሽከርክራ ከነፊውዙ ነቀለችው። መርፌው ሞተ።

በምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት በኩል ወደቡ ይታያል። ሁለቱ ሰዎች መልእክቱን በዓሣ ቅርጫታቸው በደበቁት ሬዲዮ ሰምተው፣ መንጠቋቸውን ግንቡ ላይ እንደተዉት ወደ መኪናቸው ሮጡ። መኪናው አፈር አስነስቶ ወደ ደቡብ ተፈተለከ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነጭ የዳቦ መኪና ቀስ ብሎ፣ ምንም እንደማያስቸኩለው፣ በሆቴሉ ደጅ ወደ ሰሜን አለፈ። መሪውን የያዙት ጫማ ሻጩ ናቸው።

ያንን መኪና ከሦስተኛው ፎቅ መስኮትም ማየት ይቻላል።

ይህን አላሰበችም ነበር።

ደረጃው ላይ የሚሮጥ ሰው ተሰማት። ብሩኖ አጎትን አይቷል፤ ዓሣ አጥማጆቹን ሊመልስ ሬዲዮው ላይ ተደፍቷል፤ ሬዲዮው ሞቷል። ሬዲዮው የሞተበት የኤሌክትሪክ ሰው ደግሞ የሚሮጠው ወደ ፊውዝ ሰሌዳ ነው።

በሩ ተበረገደ። ሽጉጥ ይዟል። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ የሱፍ ነጠላ ጫማውን ውሃው ውስጥ ነከረው።

«ክዳኑን አምጪ።»

ክዳኑ ከነፊውዙ ጭብጧ ውስጥ ነው። «አላመጣም።»

«ሬጉላ፣ አልቀልድም። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የምፈልገው። ከዚያ ትሄጂያለሽ።»

«ከዚያማ እሱ ይሞታል።»

«አንድ ሽማግሌ ነው። አንቺን ምንሽ ነው?»

«ዳቦ ሳይበላ በፊት ማንም አልተከተለሽም ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ነው።»

ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሽጉጡ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ምን ላይ ተሳሳትኩ? ንገሪኝ።»

«ኡሪ።»

«ቦታው?»

«ቦታው አይደለም።»

እስካሁን አልገባውም። ያሳዝናል፤ ባልገባው ነገር መጨረሻው ደረሰ። እሷ ግን ጊዜ መግዛት አለባት፤ መኪናው ገና ገደሉን አላለፈም። በዚያ ላይ ማወቅም ትፈልጋለች።

«እውነተኛው ብሩኖ የት ነው?»

ወደ መስኮቱ፣ ወደሚንተከተከው ውሃ አየ።

«ሐይቁ ጥልቅ ነው።»

ነፋሱ አጓራ። ላይ ቤት አንድ በር ተላተመ።

«እኔስ?» አለች። «እኔም ውሸት ነበርኩ?»

«አይደለም» አለ። «አንቺ ብቻ ነሽ ውሸት ያልነበርሽው።»

አመነችው። የከፋው ይህ ነው፤ አመነችው።

«እንግዲያው ተኩስ» አለች።

አልተኮሰም። በጥርሱ መሃል አንድ ነገር ተናግሮ፣ ሽጉጡን እንደደገነባት፣ ወደ መደርደሪያው ሄደ። መደርደሪያው ላይ መለዋወጫ ፊውዝ ሞልቷል፤ ክዳን ግን የለም፤ ከሰሌዳው የሌላ ፎቅ ክዳን መንቀል በጥድፊያው አልታየውም። አንዱን ላብ ባራሰው ግራ እጁ አነሳ። በጣቱ ሊከተው ነው፤ ክዳን በሌለበት፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ።

ሬጉላ አየችው። እርጥብ እጅ። ውሃ የጠጣ ሱፍ። ውሃ ላይ የቆመ ሰው።

ይነክሳል እንጂ አይገድልም።

ያን ጊዜ ነው የዚያ ቀን ሳቁ የገባት። ድፍረት አልነበረም፤ ልማድ ነው። ይህ ሰው ሙያውን የለመደው ግድግዳው መቶ አስር ቮልት በሆነበት አገር ነው። እዚያም ሰው ይሞታል፤ ብዙው ግን ተነክሶ፣ እጁን አራግቦ፣ ስቆ ያልፋል። እዚህ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ያው ሰውነት፣ ያው እምቢታ፣ እጥፍ ጅረት ያሳልፋል፤ ኃይሉ ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ያውም ደረቅ እጅ ሲሆን ነው። እርጥብ ሰው ምን እምቢታ አለው? ራሱ በዱቄት ላይ የጻፈው ቀመር ነው። ራሱ ያውቀዋል። እጁ ግን አያውቀውም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ተው።

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ቮይቴክ ገደሉ ላይ ነው። አጎት ዝም አይነቅዝም ብለዋታል።

ዝም አለች።

አልጮኸም። የምድር ቤቱ መብራት አንዴ ደብዘዝ አለና ተመለሰ። ሽጉጡ ውሃ ውስጥ ወደቀ። እሱም ወደቀ።

ሬጉላ ዋናውን ማጥፊያ ጎትታ ሆቴሉን በሙሉ አጨለመችው። ከዚያ ውሃው ውስጥ ተንበርክካ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች። ደረቱን እየተጫነች፣ አፉ ውስጥ እየተነፈሰች ታገለች፤ ክንዷ እስኪዝል ታገለች። ስም ልትጠራ ፈለገች፤ የትኛውን ስም? ብሩኖ የሐይቁ ልጅ ስም ነው። የዚህኛውን አታውቀውም። ሳታውቀው አለቀሰችለት።

ከላይ የወይዘሮ ሄርገር ድምፅ መጣ። «እናንተ ልጆች! መብራቱን ምን አደረጋችሁት? ኬኬ ተበላሸ እኮ!»

ሬጉላ ሽጉጡን ቱታዋ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ ጮኸች፤ የጮኸችው እንደ ተዋናይ አልነበረም።

የመንደሩ ሰው አደጋ ነው አለ። ፈን የሚነፍስ ቀን ሰው ይዘናጋል። ሦስተኛው ፎቅ ያለውን ሬዲዮ የቢሮው ሰዎች ማንም ሳያይ ከቆሻሻ ልብስ ጋር አውጥተው ወሰዱት።

ነፋሱ ሲወድቅ ዝናብ መጣ። አጎት ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ብሩነን ባቡር ጣቢያ ጠበቋት። በአንድ ቀን ያረጁ መሰላት።

«እንግዳው?»

«ደርሷል። መኪናው ውስጥ አንድ ሙሉ ዳቦ በላ፤ ማንም አልተከተለንም ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።» ከዚያ «ቁልፍስ?» አሉ።

«ጠፍቷል።»

«ያወቀ አለ?»

«የለም።»

አዲሱን ስሟን ነገሯት፤ የምትሄድበትንም ከተማ። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ዝም አይነቅዝም» አሉ።

ባቡሩ ላይ ወጣች።

አሁን ባዝል ከተማ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ አምፖልና ካውያ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ዕቃውን ታውቀዋለች፤ ስንት አምፔር እንደሚስብ ጀርባውን ሳታነብ ትነግራችኋለች። ስሟን ደንበኞቹ ቶሎ ይረሱታል። መልኳንም እንዲሁ።

የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝናብ ሲዘንብ፣ ገዢ ከደጅ እጁ እንደረጠበ ገብቶ አምፖል ሊሞክር እጁን ወደ መብራቱ ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ ብላ ትጮሃለች።

«ተው!»

ሱቁ በሙሉ ይደነግጣል። ነርቭ አለባት ይላሉ። የሚገርማቸው ደግሞ ለሴት ገዢዎችም ተዪ አለማለቷ ነው። ሁልጊዜ፣ ለማንም ቢሆን፣ ተው ነው የምትለው።